ክሩ ሲቆም

«የዚህች ባል እኮ ነው፣ ተኝቶ ደሞዝ የሚበላው» አለች አንደኛዋ፣ የቀሚሷ ጠርዝ ተዘምዝሞ እስኪያልቅላት በሩ ላይ ቆማ የምትጠብቀው። «መጋዘኑ ውስጥ ስሙ ፍራሽ ነው አሉ።» ጓደኛዋ ሳቋን በመዳፏ ከደነችው፤ ግን ሳቅ እንደ ውሃ ነው፣ በጣት መካከል ይፈስሳል። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች ሁሉንም ሰማች። ቀና አላለችም። ቀሚሱን ጨርሳ፣ የተረፈውን ክር በጥርሷ በጥሳ፣ አጣጥፋ አቀበለቻትና «በደስታ ልበሺው» አለቻት። ሴትየዋ ዋጋው ከባለፈው እንደጨመረ አጉረመረመች፤ ልብስ ሰፊዋም ክሩ እንደተወደደ ነገረቻት፤ ሁለቱም ሌላ ነገር እንደሚያስቡ እያወቁ ስለ ክር ተነጋግረው ተለያዩ።

ሐሜቱ ውሸት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልከነከናት። ባሏ የዱቄት ፋብሪካው መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ተረኛ ሆኖ ሲተኛ ተይዟል። በሦስተኛው ጊዜ ዱቄት ሊጭን የመጣ መኪና ንጋት ላይ ግማሽ ሰዓት ጥሩንባ ሲነፋ፣ እሱ ቁልፉን በእጁ እንደጨበጠ፣ ባትሪው ጭኑ ላይ እንደበራ፣ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ያንኮራፋ ነበር። ከሥራ ይባረር አይባረር የሚወሰነው ዛሬ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ዋሱ የገዛ ታላቅ ወንድሙ መሆኑ ነው። ታላቅየው እዚያው ፋብሪካ ሚዛን ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ አንዲት ጎዶሎ ጆንያ በእጁ አልፋ አታውቅም። «ወንድሜ ነው፣ ለእሱ እኔ አለሁ» ብሎ ፈርሞ ያስገባው እሱ ነው። ከመጀመሪያው ክስ ወዲህ ወንድማማቾቹ አይነጋገሩም። አልተጣሉም፤ ጠብ እኮ ደግ ነው፣ ይጮሁበታል፣ ይወጣላቸዋል። እነሱ ዝም ነው የተባባሉት።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። መሐሉ ላይ መጋረጃ ተጋርዷል። በመስኮቱ በኩል በእግር የምትረግጠው የስፌት መኪና፣ የመተኮሻ ጠረጴዛና የሰው ልብስ የተንጠለጠለበት ገመድ አለ፤ በወዲያ በኩል አልጋው፣ ቁም ሣጥኑና ልጃቸው የቤት ሥራዋን የምትሠራበት በርጩማ። እሱ ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል፣ እሷ ቀን ትሰፋለች። የአንዱ እንቅልፍና የሌላዋ ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር ተጋፍተው ሲኖሩ ሕግ ያስፈልጋቸዋልና ሕግ አበጅተዋል። ሕጉን ከአባቱ ቤት ይዞት የመጣው እሱ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ጣሪያ የሚያነቃንቅ አንኮራፊ ነበሩ። ሰውየው ሲያንኮራፋ እንደ ልብ ይሠራል፣ ይወራል፣ ዕቃ ይንኳኳል። ጸጥ ሲል ግን «አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደው» ይባልና ሁሉም ነገር ይቆማል። እሷ እግሯን ከመርገጫው ታነሣለች፣ ልጅቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች፣ ደንበኛም ብትመጣ በሩ ላይ ትጠብቃለች። ማንኮራፋቱ ሲመለስ መኪናውም ይመለሳል። ዘበኛ ከሆነ ጀምሮ ስድስት ዓመት በዚህ ሕግ ኖረዋል። ያቺን ጸጥታ እንደ ስጦታ ነበር የምትሰጠው። እየቆየ ጸጥታው አሁንም አሁንም መምጣት ጀመረ፣ ቶሎ ቶሎም ይቋረጥ ነበር፤ «ምስኪን፣ እንቅልፉ እንኳ አይበረክትለት» እያለች እግሯን ታነሣለች፣ እግሯን ትመልሳለች።

ዛሬም ጠዋት እንደ ወትሮው ራሱን ይዞ ገባ። «ግንባሬን ወጥሮ ይዞኛል» አለ። ሁሌም ከእንቅልፉም ሲነሣ እንዲሁ ነው የሚለው። ጫማው አልወልቅ ቢለው ወረወረው፤ ወርውሮም አፈረ፣ ድሮ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ሻይ ቀዳችለት። «ለኮሚቴው ምን እንደምላቸው ታውቂያለሽ…» ብሎ ጀመረና ነገሩን አልጨረሰውም፤ ብርጭቆው በእጁ እንዳለ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ሻዩ ሳይደፋ ተቀበለችው። ምን ሊላቸው እንደነበረ አላወቀችም። ደግፋ በጀርባው አስተኛችው፤ ሸሚዙን ፈታችለት፤ ኮሌታው አንገቱ ላይ ቀይ መስመር ሠርቶ ነበር። መጋረጃውን መልሳ፣ ከክር ቆርቆሮዋ ውስጥ የደበቀቻትን ትንሽ ወረቀት ነካ አድርጋ አየቻት፤ ባለፈው ሳምንት ከመድኃኒት ቤት የገዛቻቸው ሁለት የእንቅልፍ ኪኒኖች ናቸው። አንድ ቀን እንኳ ጠልቆ ቢተኛልኝ ሰው ይሆናል ብላ ነው። ከኮሚቴው ሲመለስ ልትሰጠው አስባለች።

አራት ሰዓት ላይ መርገጫውን ከላይኛው መንኮራኩር የሚያገናኘው የቆዳ ጠፍር ተበጠሰ። ሁለት ጊዜ ተቀጥሎ ነበር፤ ከእንግዲህ የሚቀጠልበት ቦታ የለውም። መንኮራኩሩ ባዶውን ዞሮ ቆመ። እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ከመጋረጃው ወዲያ ባሏ የጠጠር መንገድ ላይ እንደሚጎተት ቆርቆሮ ያንኮራፋል። ከዚያ ጸጥ አለ። እግሯ በልማዱ ሊነሣ ቃጣው፤ የሚያነሣው ነገር ግን አልነበረውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺ ጸጥታ ስትመጣ እሷ መኪናዋ ላይ ነበረች፤ አንድ ቀን ሄዳ አይታት አታውቅም። ሰው የሰጠውን ስጦታ መቀበያው እጅ ላይ ሆኖ ማየት ያምረዋልና፣ ባሏ እንዴት አድርጎ እንደሚያርፍ ልታይ ተነሥታ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች።

ባሏ እያረፈ አልነበረም። አፉ ተከፍቷል፣ አገጩ ወደ ኋላ ወርዷል። ሆዱ ይነሣል፣ ደረቱ ይወርዳል፤ ደረቱ ሲነሣ ሆዱ ይወርዳል፤ አንድ በር ለመክፈት እንደሚታገሉ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ። ድምፅ ግን የለም። ጆሮዋን አስጠጋች፤ የለም። ልብሷ ላይ ተጣብቆ የቀረ አንድ ቀጭን ነጭ ክር ነበረ፤ መዘዘችውና በሁለት ጣቷ ይዛ አፍንጫውና አፉ መካከል አንጠለጠለችው። ክር ማለት እኮ የማይታይ ነፋስ የሚያወዛውዘው ነገር ነው፤ በር ሲከፈት ያውቃል፣ ሰው ሲያልፍ ያውቃል። ክሩ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ቀጥ ብሎ ቆመ። መቁጠር ጀመረች፤ ስፌት የምትቆጥርበት አቆጣጠር ነው፣ ሌላ አታውቅም። አሥር። ሃያ። ከንፈሩ ጠቆረ። ሠላሳ ላይ ክሩን ይበልጥ አስጠጋችው፤ አልተነቃነቀም። ሠላሳ ስምንት ላይ መላ ሰውነቱ ተወራጨ፣ ከጉድጓድ ውሃ ጭንቅላቱን እንዳወጣ ሰው አየሩን ጎተተው፣ ክሩ ከጣቷ ተነጥቆ ሊገባበት ደረሰ። ከዚያ ያ ቆርቆሮ መንገዱን ቀጠለ።

ወዘወዘችው። ደም የመሰለ ዓይኑን ገልጦ «ደረሰ? ሰዓቱ ደረሰ?» አላት፤ ገና ስትመልስለት እንቅልፍ መልሶ ወስዶታል። እሷ ግን የልጅቷን በርጩማ ስባ ቁጭ አለች። አሁንም ጸጥ አለ። ክሩ ቆመ። ተመለሰ። አሁንም ቆመ። ፍርሃቷ ቀስ እያለ ሌላ ነገር ሆነ፤ ስም አላገኘችለትም እንጂ ሰው ከትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ የሚሰማው ዓይነት ነው። ይህ ሰው ሰነፍ ነው የሚሉት? ይህ ሰው እኮ የመጋረጃ ርዝመት ያህል ርቃ እሷ ቁልፍ ስትተክል፣ እሱ እየሞተ ይነሣል፣ እየሞተ ይነሣል፤ ማንም ሳያየው፣ ማንም «በርታ» ሳይለው፣ እሱም ራሱ ሳያውቀው። ማነው በዚያች ባለቀች ደቂቃ ትከሻውን ይዞ ወደ ላይ የሚጎትተው? ቆማ ልትቆርጠው የነበረውን የሰው ጥቁር የሱሪ ጨርቅ ጭኗ ላይ አነጠፈች። የልብስ ምልክት የምታደርግባትን የሳሙና ቁራጭ አወጣች። ክሩ በቆመ ቁጥር አንድ ነጭ መስመር። ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ተኩል ሠላሳ አራት መስመር ሆነ። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተወችው፤ ክሩን ግን አልተወችውም።

ሰባት ሰዓት ላይ ታላቅየው መጣ። ትከሻው ላይ ዱቄት ነበረበት፤ ከሚዛን ቤት ቀጥታ መምጣቱ ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሙሽሪት» አላት፤ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ሌላ ስም አውጥቶላት አያውቅም። «ተነሥቷል?»

«ተኝቷል፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ሌላ ምን ያውቃል» አለና ዱቄቱን ከትከሻው ላይ አራገፈ። «እኔ ዛሬ ዋስትናዬን አነሣለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ቀና ብዬ የሄድኩበትን ግቢ አጎንብሼ መሄድ አልችልም። ቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው የመጣሁት፣ እዚያ ከምትሰሚው።»

እጁን ይዛ ወደ መጋረጃው ወዲያ ወሰደችውና ክሩን አስያዘችው። «ይኼን አፍንጫው ላይ ያዝልኝ።»

«ምን ልታደርጊኝ ነው? አስማት ጀመርሽ?»

«ያዘው ብቻ፣ ጋሼ።»

ያዘ። ጆንያ የሚያነሣ ወፍራም ጣት ላይ ያቺ ክር ምንም አትታይም። ቆርቆሮው ተጎተተ፣ ተጎተተ፣ ቆመ። ታላቅየው በልማዱ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተይው፣ አሁን ገና እንቅልፍ…» ብሎ ጀመረ፤ ዓይኑ ክሩ ላይ ዐረፈ። ሚዛን ያነበበ ዓይን ነው፤ የሚወዛወዝን ነገርና የቆመን ነገር ለይቶ ያውቃል። የጀመረውን አልጨረሰውም። ጊዜው ረዘመ። ታናሽየው ተወራጭቶ አየሩን ሲጎትት ታላቅየው አብሮት ጎተተ፣ እሱም ትንፋሹን ይዞ ኖሯል። እሷ ጥቁሩን ጨርቅ ዘረጋችለት። መስመሮቹን አንድ በአንድ፣ እንደ ጆንያ፣ በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው። በመጨረሻ «ቀስቅሺው፣ እንሂድ» አላት። «አንቺም ነይ። ጨርቁን እንዳትረሺ።»

የኮሚቴው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበርና ግድግዳው ላይ ያለፈው ዓመት ቀን መቁጠሪያ ያለበት ነው። መስኮቱ በዱቄት ብናኝ ጭጋግ ለብሷል። የተቀመጡት ሦስት ናቸው፤ የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ጸሐፊዋ፣ እንዲሁም ሰውየው ይጠጣ እንደሆነ እንድትመረምር የተጠራችው የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ። ዘበኛው ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ክሱ ሲነበብ ሁለት ጊዜ ዓይኑ ተከድኖ ሚስቱ ጎኑን ነካች። ኃላፊው አየው። «ይኸው፣ እዚህም» አለ፣ ሳቅም ንዴትም በሌለው ድምፅ። «ምን ልበልህ? ወንድምህ ራሱ ምን ይበል?»

ታላቅየው ተነሣ። ንግግር አያውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ ቁጥር ሲጠራ የኖረ ሰው ነው። «አባታችን እንዲህ ያንኮራፉ ነበር» አለ። «ሲያንኮራፉ እንጫወታለን፣ ጸጥ ሲሉ እናታችን ‹አሁን ተኙ› ትለናለች፣ ሁላችንም በእግር ጣታችን እንሄዳለን። አንድ ቀን ከሰዓት ጸጥ አሉ። ደስ ብሎን፣ በሩን ቀስ አድርገን ዘግተንላቸው ወጣን። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ማታ ስንመለስ… ሰው ሁሉ ‹እንዴት ያለ የታደለ ሞት ነው፣ በእንቅልፋቸው› አለን። እኛም አመንነው። አሳዪያቸው፣ ሙሽሪት።»

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው» አለች። «እያንዳንዷ መስመር ትንፋሹ የቆመባት ናት። ረጅሟ አርባ አንድ ቆጥሬባታለሁ።» ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ዘበኛው ኮፍያውን እያሻሸ ጨርቁን እንደ ሌላ ሰው ነገር ተመለከተው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የገዛ ጩኸቱንም የገዛ ዝምታውንም ሰምቶ አያውቅም።

ነርሷ ወንበሯን ወደ እሱ ሳብ አደረገች። ትጮህበታለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን ቀስ ብላ ትጠይቀው ጀመር። ከእንቅልፍህ ስትነሣ ራስህን ያምሃል? አዎ። አፍህ ይደርቃል? እንደ ደረቅ ቆዳ። ለሽንት ትነሣለህ? ሦስት አራት ጊዜ። ነገር ትረሳለህ? ያለ ምክንያት ትቆጣለህ? ወደ ሚስቱ አየ፤ ያ የተወረወረ ጫማ ትዝ ብሎት ይሆናል። «አንገትህስ? እየወፈረ መጥቷል?»

«እሱን እኔን ጠይቂኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሳገባው ኮሌታው ሠላሳ ዘጠኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ፈትቼ አስፍቼዋለሁ። አሁን አርባ አራት ነው፤ ያም ጠቦታል።» ይህን ያለችው ስለ ሥራዋ እንደምታወራ ነው። ተናግራ ስትጨርስ ግን፣ ያ ሁሉ ምልክት በመቀሷ ሥር ሲያልፍ መኖሩ ገባትና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ነርሷ የደም ግፊቱን ለካች፣ አንዴ ደግማ ለካች፣ ቁጥሩን ለኃላፊው አሳየችው። «ይኼ ሰው አይጠጣም፣ ሰነፍም አይደለም» አለች። «በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም ይመስለኛል። ጉሮሮው ይደፈናል፣ አየር ያጣል፣ አንጎሉ ደንግጦ ይቀሰቅሰዋል፤ ተኝቶ ይውላል እንጂ እንቅልፍ አያገኝም። የሚያረጋግጠው ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ ሽቦ ተያይዞለት ሲታይ ነው። ከሆነ ደግሞ መላ አለው፤ አየር እየገፋ ጉሮሮውን ከፍቶ የሚያሳድር መሣሪያ አለ። እስከዚያው በጀርባው እንዳይተኛ። መጠጥ እንዳይነካ። የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ እንዳትሰጪው፤ መንቃቱ ነው ያኖረው።»

ልብስ ሰፊዋ የክር ቆርቆሮዋ ትዝ አላት።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ወረቀት ያለበት ሰው ነበር። ጨርቁን ጠጋ ብሎ አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ደግሞ ጨርቁን አየ። «የሐኪም ወረቀት እስኪመጣ ውሳኔው ይቆይ» አለ። «የጻፍነው ማስጠንቀቂያ ግን ከፋይሉ አይወጣም። በሩንም ብቻውን አይጠብቅም።»

«ሚዛን ቤት ከእኔ ጋር ይዋል» አለ ታላቅየው። «ዋስትናዬም እዚያው ይሁን።»

ዘበኛው እስከዚያች ሰዓት የራሱን ጉዳይ እንደ እንግዳ ሲሰማ ቆይቶ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እኔ እኮ ሰነፍ የሆንኩ መስሎኝ ነበር» አለ። «ስንት ጊዜ ራሴን በጥፊ መትቻለሁ መሰላችሁ፣ ሌሊት፣ ብቻዬን።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ፀሐይዋ ገና አልገባችም ነበር። መንገድ ላይ የመኪና ጠፍር የሚሸጠው ነጋዴ ዋጋውን እጥፍ አድርጎ ጠብቋቸው ሳትገዛ አለፈች፤ ነገም ቀን ነው። የባሏን አሮጌ ሸሚዝ ገልብጣ፣ ነርሷ እንደመከረቻት በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በእጇ ኪስ ሰፋችበትና የልጅቷን ኳስ ከተተችበት፤ በጀርባው ሲገለበጥ እንዲቆረቁረው። «ግመል አደረግሽኝ» አላት ለብሶት። ታላቅየው ሳቀ፤ በዚህ ቤት ውስጥ ከሳቀ ሁለት ወር አልፎታል። ኪኒኖቹን አውጥታ ለማንም ሳታሳይ ከእነ ወረቀታቸው ቆሻሻ ውስጥ ጣለቻቸው። ባሏ በጎኑ ተኛና ወዲያው እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ታላቅየው በርጩማዋን ስቦ አልጋው ራስጌ ተቀመጠ፣ እጁን ዘረጋላት። «ክሩን አምጪ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ እኔ አለሁ።»

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቤቱ እንደዚያ ነበር። ማንኮራፋቱ ከሌላው ቀን ረገብ ብሏል፤ ኳሱ ሥራውን እየሠራ ነው። ቦርሳዋን አውርዳ ሳትጨርስ ግን ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ ወደ ጀርባው ዘንበል አለና ድምፁ ቆመ። ልጅቷ እንደለመደችው በእግር ጣቷ ቆማ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ እናቷን አየች።

ታላቅየው የሚያየው ክሩን ነበር። ክሩ ቆሟል። ገና ልጆች ሳሉ፣ ታናሽየው አንድ ቦታ መቀመጥ ባልቻለበት ዘመን፣ ያወጣለትን ስም ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጠራው፤ «ፌንጣ!»

አልጋው ተንቀጠቀጠ፤ ሰውየው ወደ ጎኑ ተመለሰ።

«አጎቴ» አለች ልጅቷ ደንግጣ፣ በሹክሹክታ፣ «ጸጥ ብሎ እኮ ነበር። ተኝቶ ነው።»

«ጸጥ ሲል ነው የምንጮኸው፣ ልጄ» አላት፤ ዓይኑን ከክሩ አልነቀለም። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት እንዲያ ነው። ነይ፣ እዪው።»

ሦስቱ ራሳቸውን አስጠግተው ጎነበሱ። ያቺ ነጭ ክር ከዚያ ወፍራም ጣት ላይ ተንጠልጥላ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወደ ውጭ ሄደች። ወደ ውስጥ መጣች።